ፖካሆንታስ በእርግጥ አድናዋለች? የካፒቴን ጆን ስሚዝ ነገር

ልጆች ያሉት ሰው ካርቱኑን ሳያየው አይቀርም። ፀጉሩ ወርቃማ የሆነ ቆንጆ እንግሊዛዊ ከአንዲት የአሜሪካ ነባር ሕዝብ ልዕልት ጋር ፍቅር ይይዘዋል። አባቷ ሊያስገድለው ሲል እላዩ ላይ ተደፍታ ታድነዋለች። ሰውየው ጆን ስሚዝ፣ ልጅቷ ፖካሆንታስ ናቸው። ሁለቱም በእውን የነበሩ ሰዎች ናቸው። ፍቅር የሚባለው ግን ፈጠራ ነው። ሲገናኙ እሷ የ10 ወይም የ11 ዓመት ሕፃን ነበረች፣ እሱ ደግሞ 28ኛ ዓመቱን ሊይዝ የተቃረበ ጎልማሳ።

አዳነችው የሚባለውስ? የታሪክ ሰዎችን ከ150 ዓመት በላይ ሲያጨቃጭቅ የኖረው እሱ ነው። ችግሩ፣ ስለ ስሚዝ የምናውቀውን አብዛኛውን ነገር የነገረን ራሱ ስሚዝ መሆኑ ነው። ጉራ ደግሞ አይጎድለውም። ግን ጉረኛ ሁሉ ውሸታም አይደለም። ስለዚህ የጻፈውን ከሌላው ማስረጃ ጋር እያስተያየን እንሂድ። ዘመኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሰውየው ከየት መጣ?

በ1580 መጀመሪያ ላይ እንግሊዝ አገር፣ ሊንከንሺር ውስጥ፣ ዊሎቢ በምትባል መንደር ክርስትና ተነሣ። አባቱ ገበሬ ነበር። ድሃ የሚባል ባይሆንም ትልቅ ዘር የለውም። ይቺን ያዙልኝ፤ በኋላ ጣጣ ታመጣበታለች።

አባቱ በ1596 ሲሞት ልጁ አገር ጥሎ ወጣ። በደመወዝ የሚዋጋ ቅጥረኛ ወታደር ሆነ። ሃንጋሪና ትራንሲልቫኒያ ድረስ ሄዶ ከኦስማን ቱርኮች ጋር ተዋጋ። ሦስት ቱርኮችን በፈረስ ግጥሚያ አንገታቸውን ቀላሁ ይላል። ከዚያ ቆስሎ ተማረከ፣ ለባርነት ተሸጠ፣ ጌታውን ገድሎ በሩሲያ በኩል አመለጠ። ይህ ሁሉ የሆነው ገና 25 ዓመት አካባቢ ሳለ ነው። ወሬው ሳይጋነን አልቀረም። ቢሆንም የሦስት ቱርኮች ራስ የተሣለበት ዓርማ በ1625 ለንደን ውስጥ በይፋ ተመዝግቦለታል።

ቨርጂኒያን የያዛት መንግሥት ነው ወይስ ነጋዴ?

ነጋዴ ነው። ይህ ካልገባ ቀጥሎ የሚመጣው ሁሉ አይገባም።

በሚያዝያ 1606 የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ጄምስ ለአንድ የነጋዴዎች ማኅበር ቻርተር ሰጠ። ቻርተር ማለት የንጉሥ ማኅተም ያለበት የሥራ ፈቃድ ነው። ማኅበሩ የቨርጂኒያ ኩባንያ ይባላል። ገንዘቡን የሰበሰበው አክሲዮን በመሸጥ ነው፤ በ1609 አንዱ አክሲዮን 12 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ነበር። በምሥረታ ላይ ያለ ባንክ አክሲዮን የገዛ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ገንዘብህን ትሰጣለህ፣ ከዚያ ትርፍ መቼ ይመጣል እያልክ ትጠይቃለህ። ለንደን የተቀመጡት ባለአክሲዮኖችም ጥያቄያቸው ይኸው ነበር። ወርቅ ተገኘ ወይ? ወደ እስያ የሚያሳልፍ የውኃ መንገድስ?

መሬቱ ባለቤት አለው ወይ ብሎ የጠየቀ የለም።

በታኅሣሥ 1606 ሱዛን ኮንስታንት፣ ጎድስፒድና ዲስከቨሪ የሚባሉ ሦስት መርከቦች ከለንደን ተነሡ። ወደ 105 የሚሆኑ ሰፋሪዎችን ጭነዋል። ሁሉም ወንዶችና ታዳጊ ልጆች ናቸው፤ ሴት አልነበረችም። ግማሽ ያህሉ የጨዋ ልጆች ናቸው። በእንግሊዝ የዚያን ጊዜ ወግ የጨዋ ልጅ ማለት በእጁ የማይሠራ፣ ሰይፍ ታጥቆ የሚያዝ ሰው ነው። የገበሬው ልጅ ስሚዝ ከነዚህ ጋር አንድ መርከብ ላይ ታጨቀ። መንገድ ላይ ተጣሉ። አድማ ልታስነሣ ነው ብለው አሠሩት። ኔቪስ የምትባል ደሴት ላይ ሲደርሱ መስቀያ ግንድ ሁሉ ተክለውልኝ ነበር ይላል።

ከዚህ በኋላ ያለውን ልብ ወለድ ጸሐፊ ቢጽፈው በዛ ይባላል። ኩባንያው ቅኝ ግዛቱን የሚመሩትን ሰባት ሰዎች ስም በታሸገ ሣጥን ውስጥ አድርጎ ልኮ ነበር። ሲደርሱ ብቻ እንዲከፈት ታዟል። በሚያዝያ 1607 ቨርጂኒያ ጠረፍ ደርሰው ሲከፍቱት ከሰባቱ አንዱ እስረኛው ስሚዝ ሆኖ ተገኘ። እነሱም ደስ አላላቸውም፣ ቦታውን እስኪሰጡት ከአንድ ወር በላይ አንገላቱት።

ለምን እንደ ቅጠል ረገፉ?

በግንቦት 1607 ከአንድ ወንዝ ዳር ሰፈሩ። ቦታውን በንጉሡ ስም ጀምስታውን አሉት። የመረጡበት ምክንያት ሞኝነት ብቻ አልነበረም። ውኃው ጥልቅ ስለሆነ መርከብ ዳር ድረስ ይጠጋል። ከባሕሩ ገባ ያለ ስለሆነ የስፔን መርከቦች በቀላሉ አያዩትም። ያኔ እንግሊዞች ከነባሩ ሕዝብ ይልቅ የሚፈሩት ስፔንን ነበር።

ግን ረግረግ ነው። በበጋ የወንዙ ውኃ ይቀንስና የባሕሩ ጨው ወደ ላይ ይገፋል። ያንን ጠጡ። ትኩሳትና ተቅማጥ ገባ። የመጀመሪያው መስከረም ሲያልቅ ግማሽ ያህሉ ተቀብረው ነበር።

በዚያ ላይ ድርቅ ነበር። ይህን ስሚዝ በቅጡ አላወቀውም፤ የታወቀው ከ400 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። በ1998 የወጣ ጥናት በአካባቢው ያሉ ረጅም ዕድሜ ያላቸው ዛፎችን ቀለበት ቆጠረ። ዝናብ በጠፋ ዓመት ቀለበቱ ይቀጥናል። ከ1606 እስከ 1612 ያሉት ሰባት ዓመታት በ770 ዓመት ውስጥ እጅግ ደረቁ ሆነው ተገኙ። እንግሊዞቹ እንግዲህ በቆሎ ሸጡልን እያሉ ሲጨቀጭቁ የነበሩት ራሳቸው የተቸገሩ ሰዎችን ነው። ጎረቤት እህል ከለከለን እያሉ የጻፉትን ስናነብ ይህ ከአእምሯችን መውጣት የለበትም።

የአገሩ ባለቤቶች እነማን ነበሩ?

ዋሁንሰናካው የሚባል ገዥ ነበር። እንግሊዞቹ ፓውሃታን ይሉታል። 30 ያህል ነገዶችን ያስገብር ነበር፤ ሕዝቡ 15,000 ገደማ እንደሚሆን ይገመታል። እያንዳንዱ ነገድ የራሱ አለቃ አለው። አለቃው በቆሎ፣ የአጋዘን ቆዳና መዳብ ለፓውሃታን ይገብራል። በቆሎውን፣ ቦሎቄውንና ዱባውን የሚያለሙት ሴቶች ናቸው፤ ወንዶቹ ያድናሉ፣ ዓሣ ያጠምዳሉ። መናገሻው ዌሮዎኮሞኮ ዛሬ ዮርክ በሚባለው ወንዝ ዳር ነበር።

ታዲያ በሺህ የሚቆጠር ተዋጊ ያለው ሰው 50 የተራቡ እንግዶችን ለምን ጠራርጎ አላባረረም? ፈልጓቸዋል። መዳብ፣ መጥረቢያና ጠመንጃ አላቸው። መዳብ በዚያ አገር የክብር ዕቃ ነው፣ አለቃ ሹሙን የሚሸልመው በሱ ነው። ብዙ ተመራማሪዎች እንደሚሉት ሐሳቡ እነዚህንም እንደ ሌሎቹ ነገዶች ማስገበር ነበር።

አዳነችው ወይስ አላዳነችውም?

በታኅሣሥ 1607 ስሚዝ ቺካሆሚኒ የሚባለውን ወንዝ ይዞ ወደ ላይ ወጣ። ወንዙ ሲጠብ ትልቁን ጀልባ ትቶ በታንኳ ቀጠለ። አዳኞች ደረሱባቸው። ሁለት እንግሊዛውያን ባልደረቦቹ ተገደሉ። እሱ መንገድ መሪውን ነባር ሰው ከክንዱ ጋር አስሮ እንደ ጋሻ ከፊቱ አቆመው። ወደ ኋላ እያፈገፈገ ሲሄድ ረግረግ ዋጠው። ብርዱ ሲጠናበት መሣሪያውን ጥሎ እጁን ሰጠ።

የማረከው ኦፔቻንካና ይባላል፤ የፓውሃታን የቅርብ ዘመድና የጦር አለቃ ነው። ስሚዝ ኪሱ ውስጥ ከዝሆን ጥርስ የተሠራ ኮምፓስ ነበረው። አውጥቶ ሰጠው። መርፌዋ ስትንቀሳቀስ ትታያለች፣ ግን መስተዋቱ ስለሚከልላት በጣት አትነካም። ሰዎቹ ተገረሙ። ስሚዝ ስለ ምድርና ስለ ከዋክብት ረጅም ንግግር አደረግኩ ይላል። ቋንቋውን ምን ያህል ይችል እንደነበር ስናስብ ንግግሩ ለማን እንደገባ እንጃ።

ከመንደር መንደር ካዞሩት በኋላ ዌሮዎኮሞኮ አደረሱት። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ሁለት የሚሆነው።

በ1608 ለንደን በታተመው ጽሑፉ ፓውሃታን በደግ ተቀበለኝ፣ አበላኝ፣ ተጨዋወትን ይላል። ፖካሆንታስ ሕይወቱን ስለማዳኗ አንድም ቃል የለም። በ1624 ባሳተመው ትልቅ መጽሐፍ ግን ሁለት ትላልቅ ድንጋዮች ይመጣሉ። ጭንቅላቱን ድንጋዩ ላይ ያስደግፉታል። ሰዎች ዱላ ያነሣሉ። ያኔ ልጅቷ ሮጣ ራሷን ራሱ ላይ ታደርጋለች።

አንዳንዶች ፈጠራ ነው ይላሉ። በ1624 ፖካሆንታስም ፓውሃታንም ሞተዋል። እሷ ለንደን ሄዳ ዝናዋ ወጥቷል። ታሪኩን ለመጨመር ምቹ ጊዜ ነው። ሌሎች ደግሞ የ1608ቱን ጽሑፍ ስሚዝ ራሱ አላሳተመውም ይላሉ። እውነት ነው፤ ለአሳታሚ የሰጠው ሌላ ሰው የቆረጥኩት ነገር አለ ብሎ መግቢያው ላይ ጽፏል። ሦስተኛው መላምት፣ ነገሩ ተፈጽሟል ግን ግድያ አልነበረም የሚል ነው። እንግዳውን አስመስሎ ገድሎ የጎሣው ልጅ አድርጎ የማስነሣት ሥርዓት ነበር፣ ስሚዝ አልገባውም ይላሉ። መላምቱ ያምራል። ግን ይህን የመሰለ ሥርዓት ፓውሃታኖች ዘንድ እንደነበረ የሚያሳይ ሌላ ጽሑፍ የለም።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ትልቁ ነገር ሌላ ቦታ ነው ያለው። ሁለቱም መጻሕፍት አንድ ነገር ላይ ይስማማሉ። ፓውሃታን ለስሚዝ ካፓሆዋሲክ የሚባል መሬት ሊሰጠው ቃል ገብቷል። ጀምስታውንን ትተህ አጠገቤ ና፣ አበላሃለሁ፣ አንተ ደግሞ መጥረቢያና መዳብ ሥራልኝ ነው ነገሩ። በ1624ቱ ደግሞ እንደ ልጄ አይሃለሁ ብሎታል፤ በምላሹም ሁለት መድፍና አንድ መሳያ ድንጋይ ጠይቋል። ይህ ሹመት ነው። ድንጋዩና ዱላው ኖሩም አልኖሩም ፓውሃታን እንግሊዞቹን ገባር ለማድረግ ፖለቲካ እየሠራ ነበር። በካርቱኑ የጠፋው ይህ ነው።

ስሚዝ በጥር 1608 ጀምስታውን ሲመለስ ወገኖቹ ሁለት ሰው አስገድለሃል ብለው ሞት ፈረዱበት። በዚያው ዕለት ሰፋሪዎቹን መጀመሪያ ያመጣው የካፒቴን ኒውፖርት መርከብ ስንቅና ሰው ይዞ ደረሰና ተረፈ።

ካርታው ላይ ያሉት ትንንሽ መስቀሎች ምንድን ናቸው?

አሳሽ መባል የሚገባው በ1608 በጋ ላደረገው ጉዞ ነው። ጣሪያ በሌላት ጀልባ ቼሳፒክ የሚባለውን ሰፊ የባሕር ወሽመጥ በሁለት ዙር አሰሰ። በመጀመሪያው ዙር 14 ሰዎች ይዟል። ሸራም አላት፣ ነፋስ ሲጠፋ ይቀዘፋል። ዓሣው ከመብዛቱ የተነሣ መረብ ስላልያዙ በመጥበሻ ሊጨልፉት ሞከሩ። አልሆነላቸውም።

ራፓሃኖክ ወንዝ አፍ ላይ ስሚዝ በሰይፉ ዓሣ ሲወጋ ጅራቱ ላይ መርዛም እሾህ ያለው ጠፍጣፋ ዓሣ ክንዱን ነደፈው። እጁ እስከ ትከሻው አበጠ። ይሞታል ብለው በአዘዘው ቦታ መቃብር ቆፈሩ። ሐኪማቸው ዘይት ቀባው። ማታ ላይ ተሽሎት ያንኑ ዓሣ ለራት በላው። ቦታው ዛሬም በዓሣው ስም ይጠራል።

ፖቶማክንም ወጥቶታል፣ ዛሬ ዋሽንግተን ዲሲ ካለችበት በላይ እስካለው ፏፏቴ ድረስ። አሌክሳንድሪያና አርሊንግተን ያለው የኛ ሰው ሥራ ሲሄድ በድልድይ የሚሻገረው ወንዝ ነው። ያኔ ዳርና ዳሩ መንደር ነበር። ከመንደሮቹ አንዷ ናኮችታንክ ትባላለች፤ አናኮስቲያ የሚለው የዲሲ ሰፈርና ወንዝ ስም የመጣው ከሷ ነው። አንድ ጅረት ዳር የሚያብለጨልጭ ማዕድን አለ ተብለው ሄደው ቆፈሩ። ነባሮቹ ፊታቸውንና ገላቸውን የሚቀቡት ዱቄት እንጂ ብር አልነበረም። ባለአክሲዮኖቹ አልደነቃቸውም።

ካርታው በ1612 ታተመ። ምዕራብ ከላይ ነው፤ ከባሕር የሚመጣ ሰው እንደሚያየው ማለት ነው። ከ200 በላይ የነባር ሕዝብ መንደሮች ስማቸው ተጽፎበታል። በየወንዙ ላይ ትንንሽ መስቀሎች አሉ። እስከ መስቀሉ ድረስ እኔ ያየሁት ነው፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ከአገሬው ሰዎች የሰማሁት ነው ብሎ ጽፏል። ይህን ያህል የሚጎርር ሰው ያላየውን አላየሁም ብሎ ምልክት ማድረጉ ይገርማል። የካርታው እኩሌታ ዕውቀት የነባሮቹ መሆኑንም መስቀሎቹ ያሳብቃሉ።

ከሌላ ማስረጃ ጋር ሲመሳከር ካርታው ይቆማል። ከ100 ዓመት ያላነሰ ጊዜ ሌሎች ካርታ ሠሪዎች ሲገለብጡት ኖረዋል። የመሬት ቁፋሮ ባለሙያዎችም ዌሮዎኮሞኮ የነበረችበትን ቦታ በ2003 ይፋ ሲያደርጉ ከተመረኮዙባቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ካርታ ነበር።

አለቃ ሲሆንስ?

በመስከረም 1608 የጀምስታውን ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ሆነ። ያወጣው ሕግ ከሐዋርያው ጳውሎስ የተወሰደ ነው፤ ሊሠራ የማይወድ አይብላ። የጨዋ ልጆቹ ዛፍ እንዲቆርጡ ታዘዙ። እጃቸው ውኃ ቋጠረ። ለኩባንያውም አንድ ሺህ እንደነዚህ ዓይነት ከምትልኩ 30 አናጢ፣ ገበሬና ዓሣ አጥማጅ ይሻለኛል የሚል ደብዳቤ ጻፈ።

እህሉን ግን በሥራ ብቻ አላገኘውም። ከመንደር መንደር እየዞረ ሲለምን፣ ሲለውጥ፣ እምቢ ሲሉት ደግሞ ሲያስፈራራ ነበር። በጥር 1609 የኦፔቻንካናን ፀጉር ጨብጦ ሽጉጥ ደረቱ ላይ ደገነ፣ በሕዝቡ ፊት። ጀልባው በበቆሎ ተሞላ። እሱ ይህን እንደ ጀግንነት ነው የጻፈው። ኦፔቻንካና በ1622 ባደረሰው ጥቃት 347 ሰፋሪዎች ሞተዋል።

ኩባንያው በበኩሉ ፓውሃታንን በዘውድ ለማባበል አሰበ። ከመዳብ የተሠራ ዘውድ፣ አልጋና መታጠቢያ ሳህን ተላከለት። ጀምስታውን መጥተህ ተቀበል ሲባል፣ እኔም ንጉሥ ነኝ፣ አገሩም አገሬ ነው፣ ስምንት ቀን እጠብቃለሁ አለ። እነሱ ሄዱለት። ሊያንበረክኩት ቢሉ እምቢ አለ። ትከሻውን ተጭነው ጎንበስ ሲያደርጉት ዘውዱን ደፉበት። እሱ በአጸፋው አሮጌ ጫማውንና ካባውን ለካፒቴን ኒውፖርት ሰጠ።

ለምን ወጣ? ከዚያስ?

በ1609 መጸው ጀልባ ላይ ተኝቶ ሳለ የባሩድ ከረጢቱ ተቀጣጠለና ጭኑን ክፉኛ አቃጠለው። ጠላቶቹም አዲስ በመጡ መርከቦች በርክተው ነበር። በጥቅምት ወደ እንግሊዝ ተመለሰ፣ ቨርጂኒያንም ዳግመኛ አላያትም።

የተከተለው ክረምት የረሃቡ ጊዜ ተባለ። ፓውሃታን ምሽጉን ከበበ፣ እህል ተቆረጠ። ፈረስ፣ ውሻ፣ አይጥ፣ የጫማ ቆዳ ተበላ። በ1610 ጸደይ በምሽጉ የቀሩት 60 ያህል ሰዎች ብቻ ነበሩ። በ2012 በቁፋሮ የተገኘ የ14 ዓመት ገደማ ልጅ የራስ ቅል የቢላ ምልክት አለበት፤ የሰው ሥጋም እንደተበላ ሳይንቲስቶቹ በዓመቱ ይፋ አድርገዋል።

ስሚዝ በ1614 ከዚያ በስተሰሜን ያለውን ጠረፍ አሰሰ። ኒው ኢንግላንድ የሚለውን ስም ያወጣው እሱ ነው። ከጉዞው መርከቦች የአንዱ አለቃ ቶማስ ሀንት ግን ወደ 27 የሚሆኑ ነባሮችን አፍኖ ስፔን ወስዶ ለመሸጥ ሞከረ። ከታፈኑት አንዱ ቲስኳንተም ነው፤ ኋላ አገሩ ተመልሶ በ1620 ለመጡት ሰፋሪዎች በቆሎ መዝራት ያስተማረው። ስሚዝ ለነዚያ ሰፋሪዎች መሪ ልሁናችሁ ብሎ ነበር። መጽሐፍህና ካርታህ ከአንተ ይረክሱልናል አሉኝ ብሎ አማርሯል።

ፖካሆንታስን በ1613 እንግሊዞች አፍነው ያዟት። ክርስትና ተነሥታ ርብቃ ተባለች፤ ትንባሆ አልሚውን ጆን ሮልፍን አገባች። በ1616 እንግሊዝ ስትሄድ ስሚዝ ሊጠይቃት መጣ። ስታየው ፊቷን አዞረች፣ ለረጅም ጊዜ አላናገረችውም። ሞቷል ብለውን ነበር፣ ወገኖችህ ብዙ ይዋሻሉ አለችው። አባቴን አባት ትለው ነበር፣ እኔም አንተን እንደዚያው እልሃለሁ ብላ ወቀሰችው። ይህንንም የጻፈው ራሱ ነው። ለሱ ክብር የማይጨምር ስለሆነ ብዙዎች ያምኑታል። በመጋቢት 1617 ወደ አገሯ ስትነሣ ታማ እዚያው ሞተች።

ስሚዝ ሳያገባ በ1631 ለንደን ውስጥ በ51 ዓመቱ ሞተ።

የፓውሃታን ሕዝብስ አለቀ?

አላለቀም። ፓመንኪ የሚባለው ነገድ ዛሬም በዚያው አካባቢ የራሱ መሬት አለው። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በ2015 ዕውቅና ሰጠው፤ ሌሎች ስድስት የቨርጂኒያ ነገዶች በ2018 ተከተሉ። በ1677 በተፈረመ ውል መሠረት ፓመንኪና ማታፖናይ በየዓመቱ በኅዳር ለቨርጂኒያ ገዥ ይገብራሉ። ዛሬም አጋዘን ተሸክመው ሪችመንድ ቤተ መንግሥቱ ደጃፍ ይቆማሉ። ገዥውም ወጥቶ ይቀበላል። ውሉን የሚያከብሩት፣ መሬቱ የኛ ነው የሚለው ቃል የሠፈረው በሱ ስለሆነ ነው።